ዓይን ብዬ ስጀምር

ኅዳር 1፣ ሰኞ

አንድ ዓይኔን ብቻ ተኩዬ ሽሮ ሜዳ ደርሼ መጣሁ። ለማንም አይወራም… ለዚህ ደብተር ግን ይሁን። ቀኙን ስኳል አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እንዳይጠፋብኝ ስልኬ ላይ ልጽፈው ተቀመጥኩ፤ በዚያው ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ አየኝ፣ ማንም ምንም አላለኝም። ጋቢ ሻጯ ናት "እህቴ፣ ግራውን ለማን አስቀመጥሽው?" ያለችኝ።

"ውድ አንባብያን" ብዬ ልቀጥል ነበር እኮ። የአሥራ አራት ዓመት ልማድ። እዚህ ማን ያነባል?

የዚህ ሳምንት የመጽሔት ዓምዴ ስለ ዓይንና ስለ ዘፈን ነው። ዓይን የሌለበት የፍቅር ዘፈን አለን እንዴ? ዓይንሽ ወጋኝ፣ ዓይንሽ ፈጀኝ፣ ዓይንህን ካላየሁ ሞትኩ… ሐኪም ቢሰማን ሁላችንንም ወደ ዓይን ክሊኒክ ይልከን ነበር። አዳዲሶቹ ባንዶችም ተከትለዋል። ብሌን የሚባል አለ፣ ቅንድብ የሚባል አለ። የኔ ልብ ግን ያለው ከልጅነቷ የማውቃት የሉሊት ባንድ ላይ ነው። ዓይን አፋር ባንድ። ስሙ ልክ እሷን ይመስላል። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትዘፍነው። ጊታር የሚመቱት ሁለቱ ልጆችም የሚያዩት ጫማቸውን ነው።

የፊታችን ሳምንት ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ የመጀመሪያ ዝግጅታቸው ነው። እዚሁ ሰፈራችን አዳራሽ። አባቷ ጋሽ ደቻሳ ሸጎሌ ከብት ይነግዳሉ። ሁለት ዓመት ተለምነው ነው እሺ ያሉት።

ስመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ጽሑፉን ከታክሲ ሳልወርድ ጨርሼ ላክሁት።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

መጽሔቱ ወጣ። አላነበብኩትም። የራሴን ጽሑፍ ታትሞ ሳየው ድምፄን በሬዲዮ የሰማሁ ይመስለኛል።

ከሰዓት ሉሊት ደወለች። "እትዬ ሩታ… ምን አድርጌሽ ነው?"

ገጹን ገለጥኩ። ከፎቶዋ ሥር፣ በትልቁ፦ "ሉሊትና ዓይን አውጣ ባንድ።"

ዓይን አውጣ። ኀፍረት የማታውቅ… እሷን!

አፌ ቀደመኝ። የዋቅቶላ እጅ ነው አልኳት፤ ገጾቻችንን በኮምፒውተር የሚያቀናብረው ባልደረባዬ። ያን ሁሉ ገጽ በአንድ ቀን ሲያደራጅ ስህተት አያጣም ምናምን… እውነት መስሎኝ ነው ያልኩት። መስሎኝ ነበር?

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ነገሩ ከብት ገበያ ገባ። አንዱ ደላላ መጽሔቱን እያውለበለበ "የዓይን አውጣዋ አባት፣ ወይፈኑ ስንት ነው?" ብሏቸዋል። ጋሽ ደቻሳ ወይፈናቸውን ሳይሸጡ መልሰው እየነዱ ቤታቸው ገቡ።

ሉሊትን አልተቆጧትም። የሚያስፈራው እሱ ነው አለችኝ። ማይኳን አንስተው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት፤ "ቅዳሜ የለም" አሉ፤ በቃ።

ጾሙ የሚመጣው ሰኞ ይገባል። በጾም እሳቸው ዘፈን አይሰሙም፣ አያሰሙም። ከገና በኋላ አዳራሹ ለሌላ ተይዟል። የባንዱ ልጆችም ሌላ ዘፋኝ ማፈላለግ ጀምረዋል አሉ። ቅዳሜ ካልሆነ… መቼ?

ማረሚያ እናወጣለን አልኳት። ማረሚያ ማን ያነባል አለችኝ። እኔ ራሴ አንብቤ አላውቅም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ቢሮ። ዋቅቶላ ሰላም አላለኝም። አለቃችን ሃና ስህተቱ የእሱ መስሏት ልትቀጣው ደብዳቤ እያዘጋጀች ነው። አልተሟገተም። ስልኩን ብቻ ዘረጋልኝ፤ የላክሁለት ጽሑፍ።

"አንዲት ፊደል አልነካሁም" አለኝ። "ጽሑፌ አይነካብኝ የምትዪው አንቺ ነሽ።"

እዚያ ላይ አለ። ዓይን አውጣ። የኔው።

ቤት ገብቼ ስልኬን ሞከርኩት። "ዓይን" ብዬ ስጽፍ ሳልጠይቀው ቀጣዩን ቃል አቀረበልኝ፤ "አውጣ"። አጠፋሁት። ደገምኩት። አውጣ። ለካ እኔም ታክሲ ውስጥ ሳላይ ነክቼዋለሁ።

ማን አስተማረው? ስልክ የሚለምደው የባለቤቱን አፍ አይደል… ስንቱን ሰው ዓይን አውጣ ብዬ ጽፌ ይሆን?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ለሃና ነገርኳት። ደብዳቤውን ቀደደችው። በሚቀጥለው እትም በዓምዴ ቦታ ይቅርታ ይወጣል፣ በስሜ። ዋቅቶላን ይቅርታ ጠየቅኩት። "እሺ" አለ። እሺ ብቻ።

ለሉሊትስ? ደወልኩ… ሳታነሳው ዘጋሁት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ራሷ ደወለች። አባቷ "የጻፈውን ሰው ዓይኑን ልየው፣ አምጪልኝ" ብለዋታል። ዋቅቶላን ማለታቸው ነው። ነገ ሚካኤል ስለሆነ ገበያ አይወጡም።

አመጣዋለሁ አልኳት። ማንን ነው የማመጣው?

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። እስከ ሸጎሌ በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል። የሚኒባሱ መስኮት ደግሞ አልዘጋ ብሎ… ስደርስ ዓይኔ ቃሪያ እንደነካው ቀልቶ እንባዬ ይወርዳል።

በሩን የከፈቱት ጋሽ ደቻሳ ናቸው። ሲያዩኝ ደነገጡ። "ግቢ፣ ግቢ… ለዚህም ይለቀሳል እንዴ ልጄ?" ወንበር ሳቡልኝ። ውሃ አስመጡልኝ። አዝነውልኛል። ዝም ብል ያልፋል። ዝም ልበል? ልል ነበር… እውነቴን ነው፣ ልል ነበር።

"ጋሼ፣ ጭሱ ነው" አልኩ። "አላለቀስኩም። ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።"

ሉሊት የጓዳው በር ላይ ቆማ ሰማች። ወደዚያ ማየት አልቻልኩም።

ስለ ስልኩ ነገርኳቸው። አላመኑም። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ሞከሩት፤ በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለጉ። አውጣ አላቸው። ስልኩን እንደ ጋለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"በሬ ስሸጥ ጉድለቱን ደብቄ አላውቅም" አሉ። "አንቺም ያንቺን ተናገርሽ፣ ደግ። ገበያውስ? ገበያው ልጄን በምን ያውቃታል?"

መጥተው ይዩዋት፣ ገበያውንም ያምጡት አልኩ። ከየት አመጣሁት? እሳቸው እኮ ስትዘፍን አይተዋት አያውቁም።

"እንግዲህ…" አሉና ተነሡ። እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ።

ሉሊት እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። በሩን ልትዘጋ ስትል "ነገ ከሆነ… ፊት እንዳትቀመጪ" አለችኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ከኋላ፣ ምሰሶ ሥር ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት። አሥር ተኩል። ልጆቹ ጊታር ያስተካክላሉ፣ ዘፋኝ የለም። ሰው መነሣት ጀመረ።

ከዚያ በጎን በር ገቡ። ጋሽ ደቻሳ ጋቢ ደርበው፣ ማይኩን በፌስታል አንጠልጥለው። ሉሊት ከኋላቸው። ከእሷ ኋላ አምስት የከብት ደላሎች፤ በትራቸውን እንደያዙ ፊት ወንበር ላይ ተደረደሩ፣ እንደ ሽማግሌ።

ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። ጀመረች።

ያየኛል እያልኩኝ ቀና ማለት ፈርቼ፣
መልኩን ሳላውቅ ቀረሁ ጫማውን ለይቼ።

ያማረ ነው… ግን አይሰማም። ድምጿ እግሯ ሥር ይወድቃል። ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ አፏጨ። አለቀላት አልኩ፣ እኔ ጨረስኳት።

ጋሽ ደቻሳ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሊያወርዷት ነው ብዬ ነበር።

"ሉሊት" አሉ፣ በከብት ገበያ ድምፃቸው። "አውጪው እንጂ። ሙሉውን አውጪው።"

መጀመሪያ ደላሎቹ ሳቁ። ከዚያ አዳራሹ። ሉሊትም ሳቀች፣ ማይኩ ውስጥ። ዓይኗን አልገለጠችም። ድምጿን ግን አወጣችው… ምሰሶዬ ድረስ መጣ፣ አልፎኝም ሄደ። አራት ዘፈን። ያቺን ጫማ ያለባትን አስደገሟት።

ሲያልቅ ወደ እሷ አልሄድኩም። ጋሽ ደቻሳ ግን በሩ ላይ ያዙኝ፤ ነገ ቅበላ አይደል፣ ቤት መጥተሽ ትበያለሽ አሉኝ። እሷ አጠገባቸው ቆማ ጊታሮቹን ትቆጥራለች። ሁለት ጊታር ለመቁጠር ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ይቅር ብላኝ ከእኔ ጋር ትቆርስ ይሆን፣ ወይስ ሳህኗን ይዛ ጓዳ ትገባ ይሆን… እሄዳለሁ። የሆነውን ሁሉ፣ ጓዳም ብትገባ፣ ነገ ማታ እዚህ በእጄ እጽፈዋለሁ።