አንድ እፍኝ ኮረሪማ

ሬክስዴል፣ ቶሮንቶ
ጥር 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አስካለ፤ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ልጅዎ ሣህሉ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ ቤት እያረፈ ነው። ህንዷ ጎረቤታችን ካምላ ጠዋት ጠዋት ሄል አፍልታ ታመጣለታለች። አዩርቬዳ በሚሉት ያገራቸው ሕክምና ሄል ማቅለሽለሽን ያስታግሳል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይከፍታል አለችኝ። እሱ ግን ሁለት ጉንጭ ይጠጣና፣ «የእማዬ ኮረሪማ ይሻለኝ ነበር» ይላል። ስፌት አትችልም ይሉኝ አልነበር? ይኸው ሱሪዎቹን ሁሉ ሁለቴ አጠበብኩለት።

እንግዲህ ያንን ኮረሪማ ፈልገን ነው። ብዙ አያስፈልግም፤ አንድ እፍኝ ይበቃል። ብቻ በሰው እጅ አይላኩት። የቪዛውን ወረቀት ሞልቼ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ራስዎ ይዘውልን ይምጡ።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።
ምራትዎ ምሥራቅ