ከግራሩ ጀርባ የተኛችው ግመል

አዋሽ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጥፋተኛው ወንድሜ ሰይድ ነው። ልጆች ሆነን ከወሎ እንደመጣን፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የተኛች ፍየል ማየት ቢያቅተኝ «የዘሀራ ዓይን አይሠራም» ብሎ ለአባታችን ነገረ። በዚህ ሰበብ ቁርኣን ቤትም ትምህርት ቤትም ሳልገባ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ።

ዛሬ ጎረቤቴ ፋጡማ የጠፋች ግመሏን ስትፈልግ ሻይ ቤቴ በር ላይ ቆመች። ከመንገዱ ማዶ ባለው ግራር ቅርንጫፎች መሃል ቁራጭ ሻኛና ቁራጭ አንገት ታየኝ።

«ያቻትና፣ ተኝታ!» አልኳት።

«ድንጋይ ነው፣ አንቺ ዕውር» አለ አጠገቤ የተቀመጠው ሰይድ።

ግመሏ ተነሥታ መሄድ ጀመረች። ፋጡማ በሳቅ ፈረሰች። «ሰይድ፣ ድንጋይህ አመለጠ፤ እሰረው እንጂ!»

ሻይ ይጠጣ የነበረው የጤና ጣቢያው ድሬሰር እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ ዘሀራ፣ ዓይን የሚያመጣው ቁርጥራጭ መስመር ነው። አገጣጥሞ ግመል የሚያደርገው አንጎል ውስጥ ያለው የነርቭ ክር ነው፤ እሱም በልምድ ይጠነክራል።»

ገባኝ። ያኔ ፍየሏን ያላየሁት ለአገሩ ቁጥቋጦ አዲስ ስለነበርኩ ነው። ፊደልም መጀመሪያ የዶሮ ጭረት ነበር፤ አሁን ግማሹ የተፋቀ ቃል እንኳ አነባለሁ። ዓይኔስ ደህና ነበር፣ አልሐምዱሊላህ።

ደስ ብሎኛል። ያለፈውን ዕድሜ ግን ማን ይመልስልኛል? ከነገ ጀምሮ የባቡር ሐዲዱን ስሻገር እንደ ዕውር እንዲመራኝ እጄን ለሰይድ አልሰጥም።