ያለ ግራሶ የሚዞር ኩሽኔታ የሠሩት የአቶ ዕንባቆም ፋንታሁን የሕይወት ታሪክ

አቶ ዕንባቆም ፋንታሁን ከአባታቸው ከመሪጌታ ፋንታሁን ሐብተ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ባምላክ በ1952 ዓ.ም. በኮሶዬ ተወለዱ። ዲያቆን እንዲሆኑ ቢታሰብም ዳዊት ሳይጨርሱ ወደ ጎንደር ወርደው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1971 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው በአንድ ቶርኖ ቤት ብረት መቅረጽ ተማሩ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዝናሽ አበቡ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፅዮንንና ሐዲስን ወለዱ።

በዐቢይ ጾም የኮሶዬ ሴቶች የሽሮ እህላቸውን እንደ ተሸከሙ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ይከራከሩ ነበር። የወፍጮው ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ የሚቀባው ግራሶ ሞራ አለበት፣ ዱቄቱ ያስገድፋል ይሉ ነበር። አቶ ዕንባቆም ክርክሩ ውስጥ አልገቡም፤ ምንም የማይቀባ ኩሽኔታ ለመሥራት ተነሡ።

መጀመሪያ ወይራ በኑግ ዘይት ቀቅለው ሞከሩ፤ ጨሰ። ናይለን ሞከሩ፤ ቀለጠ። በመጨረሻ ነሐስ በስተው ቀዳዳዎቹን በግራፋይት ሞሉ። ግራፋይት እርሳስ የሚሠራበት ጥቁር ማዕድን ነው፤ ዘንጉ ሲዞር በስሱ እየተፋቀ ራሱ ያለሰልሳል። ግራሶ ከነካው ግን ዱቄት ይይዝና እንደ ሊጥ ይጋገራል፣ ዘንጉንም ይበላል።

ይህን ለማስረዳት ዓመታት አለቁ። አዲስ ኩሽኔታ ሲገጠም ጥቂት ይንጫጫል፤ የወፍጮው ባለቤት አቶ ምንይችል ድምፁን በሰሙ ቁጥር ተደብቀው ይቀቡታል። አቶ ዕንባቆም ፈትተው ያጥባሉ፣ ካልሆነም ሌላ ይቀርጻሉ። «ምነው አያ ምንይችል፣ እሱ እኮ አልጠማውም» ቢሏቸው፣ «ደረቅ ብረት ሲፋጭ እየሰማሁ እህል አይወርድልኝም» ብለው መለሱ። ወይዘሮ ዝናሽም ያገቡት እኔን ነው ወይስ ምንይችልን ይሏቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ጾም መግቢያ የተገጠመው ግን ቀጣዩን ጾም ተሻግሮ በደረቁ ሠራ። ሴቶቹም ክርክሩን ተዉ። አቶ ዕንባቆም በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ከኮሶዬ ጠያቂ ሲመጣ ስለ ሌላ አልጠየቁም፤ ቀባው አልቀባውም ብቻ።

ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ ምንይችል መርዶውን ሲሰሙ ወፍጮውን አቆሙ፤ ለወዳጃቸው ክብር ብለውም ኩሽኔታውን ግራሶ አጥግበው ቀቡት። ለቀብር ሲመጡም ይህንኑ እያለቀሱ ለቤተሰቡ ተናገሩ። የአቶ ዕንባቆም ልጆች ከሠልስት በኋላ ኮሶዬ ወጥተው ኩሽኔታውን ያጥቡታል፤ አቶ ምንይችልም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገባቸው ይቆማሉ።

ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው የተለዩንን የአቶ ዕንባቆምን ነፍስ እግዚአብሔር በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም አለመንካትን ያስተምረን። አሜን።