የጎሬ ቅጠል በንፋስ መውጫ

ሰኞ፣ የካቲት 8

ዛሬም ሁለት ቅጠል። ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል፤ ስነካው እንደ ደረቅ ወረቀት ተሰበረ። ፈርን የሚሉት የጫካ ቅጠል ነው፣ ከጎሬ ስመጣ አውቶብስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ ያመጣሁት። ሌሎቹ ሁለቱ፣ የዝሆን ጆሮ የምለው ሰፊ ቅጠልና ግድግዳው ላይ የሚንጠላጠለው ሐረግ፣ ገና ቆመዋል።

መስከረም ላይ ያለ ፈቃዴ ወደዚህ ሲያዛውሩኝ መሬቱ ገና እርጥብ ነበር፤ ቅጠሎቹም ተመችቷቸው ነበር። አሁን ከተማው ስሙን እያሳየን ነው። ንፋሱ በበሩ ስንጥቅ እየገባ የእኔን ከንፈር እንኳ ሰንጥቆታል። ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳ ውሃ እንደሚያስወጣ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ቤቴ ገብቼ ሦስት ተክል ማዳን አቃተኝ።

አባቴ "እዚያ አገር አይበቅልም፣ ተይው" ብሎኝ ነበር። እናያለን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

እስካሁን የሞከርኩት፦

በአፌ ውሃ መርጨት። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይደርቃል።

መስኮቱን በጆንያ መድፈን። ቤቱ ጨለመ፣ ሐረጉ ገረጣ።

አብዝቶ ማጠጣት። ይሄ የባሰው ነው። የዝሆን ጆሮው አፈር ሸተተ፤ አንዱን ሥር ሳብ ባደርገው እጄ ላይ ፈረሰ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

አከራዬ እማማ ደብሬ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ልጄ፣ ለጎመን ይህን ያህል ብትደክሚ ይሄኔ ወጥ ሆኖልሽ ነበር" አሉኝ። ስቄ ወደ ቅጠሎቼ ዞርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 10

ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ ይማም ሸማኔ ናቸው። ያዘዝኩትን ነጠላ ልቀበል ሄድኩ። ገና ስገባ ቅዝቃዜው ፊቴን ዳሰሰኝ። ወለሉ ርሷል፣ ግድግዳው ላይ እርጥብ ጆንያ ተሰቅሏል። የጎሬን ጠዋት መሰለኝ። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ ቤቱ ጨለም ያለ ነው።

"ይሄ ሁሉ ውሃ ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"በዚህ ንፋስ ድሩ ይደርቃል። የደረቀ ድር ደግሞ ይበጠሳል" አሉኝ፣ እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጡ።

ስለ ቅጠሎቼ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

"ታዲያ ሥሩን ለምን ታሰጥሚዋለሽ? የጠማው አየሩ አይደለም እንዴ!"

እኔ ከተማርኩት ሁሉ ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር በለጠ።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

ዝርግ ሳፋ ውስጥ ጠጠር ደለደልኩ። ውሃው ከጠጠሩ በታች እንዲቀር አድርጌ ጨመርኩ፤ የማሰሮዎቹ ቂጥ ውሃ መንካት የለበትም። ሦስቱን አጠጋግቼ አስቀመጥኳቸው፣ አንዱ የሚያስወጣው እርጥበት ለሌላው እንዲተርፍ። በንፋሱ በኩል እርጥብ ጆንያ ዘረጋሁ፤ ብርሃን እንዲያገኙ መስኮቱን ከፈትኩ።

ውሃዬ እንደማንኛውም ሰው በቀን አንድ እንስራ ነው። ምስር ያጠብኩበት ለጠጠሩ፣ ልብስ ያለቀለቅኩበት ለጆንያው። ከድርሻዬ በላይ አንድ ጣሳ አልወሰድኩም። ይህን እዚህ የምጽፈው ዛሬ ቦኖ ውሃው ጋ ሴቶቹ ስለ ቅጠሎቼ ሲንሾካሾኩ ስለሰማሁ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 14

የቀበሌ ስብሰባ። ሊቀ መንበሩ ስለ ውሃ እጥረት ጀመረና እኔ ላይ ደረሰ። "ሰፊው ሕዝብ ውሃ ጠምቶት አንዲት መምህርት ቅጠል ታጠጣለች! ይህ የንዑስ ከበርቴ ቅንጦት ነው!" ውሳኔውንም አከታትሎ ተናገረ፦ እስከ ማክሰኞ ተክሎቹን አምጥቼ ቀበሌው ግቢ እንዳስቀምጥ። ግቢው ሜዳ ነው። አንድ ቀን አያድሩም።

ተነሳሁ። "አላመጣም" አልኩ።

ቅጠሎቹ የሚጠጡት የምስር እጣቢ መሆኑን፣ ድርሻዬም ከማንም እንደማይበልጥ ተናገርኩ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ለመሆኑ ይበላል?" አለች።

"አይበላም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ይታያል።"

አንዳንዱ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም።

ሰኞ፣ የካቲት 15

ጋሽ ይማም ጠዋት በሬ ላይ መጡ። "እኔ ዘንድ አምጫቸው" አሉኝ።

"አልደብቃቸውም" አልኩ። በደህና መናገር ሲገባኝ ተቆጣሁባቸው።

"ደብቂ ማን አለሽ? ከበሩ ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ በሚያይበት አስቀምጫቸው። ከነሳፋቸው ነው የምፈልጋቸው፤ ድሬን ያረጥቡልኛል።"

አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሁለታችን ተሸክመን ወሰድናቸው። ቤቴ ባዶ ሆነ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 16

ሊቀ መንበሩ ራሱ ሁለት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ቤቴን በርግጄ አሳየሁት። "የት ሄዱ?" አለ። "ጋሽ ይማም ዘንድ" አልኩት። እውነቱን ነው።

ጋሽ ይማም መወርወሪያውን አላቆሙም። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ለዘማች ቤተሰብ ያዘዛችሁት ጋቢ ይኸው። ሳፋው ከመጣ ወዲህ አንድ ድር አልተበጠሰብኝም። ከወሰዱት ግን ጋቢው ስለሚደርስበት ቀን እኔን አይጠይቁኝ።"

አንደኛው ጠባቂ የዝሆን ጆሮውን በጣቱ ነካው። "ይቀዘቅዛል" አለ፣ ለራሱ። ሊቀ መንበሩ ገላመጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "የአንቺ ጉዳይ ግን በትምህርት ቤትሽ በኩል ይታያል" ብሎ ወጣ።

እማማ ደብሬ ከአጥሩ ጥግ ሰምተው ኖሯል። "ይበለው!" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ረቡዕ፣ የካቲት 17

ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ከቀበሌው ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ግለ ሂስ ጽፌ እንድፈርም፣ ወደ አውራጃም እንደሚላክ ነገሩኝ። "ሁለት መስመር ጸጸት ጻፊና ይለቅ" አሉኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፈርተውልኝ ነው።

እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩ። የውሃ ድርሻዬን፣ እጣቢውን፣ ጠጠሩን። አብዝቼ አጠጥቼ የአንዱን ሥር ማበስበሴን ጻፍኩ፤ የምጸጸተው በዚያ ብቻ መሆኑንም። ፈረምኩ።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"መምህርት፣ ይህን እንዳለ ልላከው?"

"እንዳለ ይላኩት።"

ደመወዜን ይይዙ ይሆናል፤ ከዚህም ያርቁኝ ይሆናል። ወዴት እንደሚሆን አላውቅም። ስመለስ ጋሽ ይማም ዘንድ ገባሁ። ፈርኑን ቅጠል በቅጠል አየሁት፤ ከሐሙስ ወዲህ አዲስ የተቃጠለ የለም። ሁለቴ ቆጠርኩ። የለም።