ባሕሩ ጋ ስንደርስ

ውድ እትዬ፣

ስንመለስ «እንዴት ነበር?» ማለትሽ አይቀርም፤ አባዬ ፊት ግን አፍ አውጥቼ ልነግርሽ አልችልም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ስንሳሳም እጅሽ ውስጥ አደርገዋለሁ። እሱ አጠገቤ ጋደም ብሏል። ነገ ወፍ ሳይንጫጫ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይወስዱናል።

ሁለቱን የጉዞ ማስታወቂያ ወረቀቶች ጠረጴዛሽ ላይ ዘርግተን የተከራከርንበትን ቀን ሳስብ ዋልኩ። ውዱ ጉዞ ባሕር ዳርቻው ላይ ሆቴል ነበረው፤ ትንሽ መኪና፣ ሽማግሌ የሚጠብቅ አስጎብኚም አለው። ርካሹ ግማሽ ዋጋ ነው። «እንግዲህ ወይ ዘንድሮ በርካሹ፣ ወይ ከርሞ በውዱ» አልሽ። የአባዬ የዓይን ሐኪም ደግሞ ስለ ከርሞ ምንም ተስፋ አልሰጠንም። እኔም «ባሕሩ እንደሆነ ያው ባሕር ነው፤ ብዙ የከፈለ፣ ጥቂት የከፈለ ብሎ አይለይም» ብዬ አሳቅኩሽ።

እስከ ትናንት ድረስ ትክክል ነበርን። አውቶቡሱ ቢጠብ፣ ቁርሱ ደረቅ ዳቦ ቢሆን አባዬ ምን ገዶት! ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው አይደል? «ይሄ ሰውዬ ፍሬን ይረግጣል እንጂ አይነዳም» እያለ ሹፌሩን ሲያማ የጉልበቱን ሕመም ሁሉ ረስቶት ነበር።

ዛሬ የባሕሩ ቀን ነበር። ጠዋት ምንጣፍ ሱቅ ወሰዱን። ከምንጣፉ ቆዳ ሱቅ፣ ከቆዳው ጌጣጌጥ ሱቅ። አባዬ በየሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ «ደረስን እንዴ?» ይለኛል። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አማርኛ የምታውቀውን አስጎብኚያችንን ለመንኳት።

«እባክሽ እህቴ፣ አባቴ ዓይኑ ደክሟል። በብርሃን ካልሆነ አያይም።»

«ወንድሜ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ድርጅቱ ደሞዝ አይከፍለኝም፤ የምኖረው ሱቆቹ በሚሰጡኝ ኮሚሽን ነው። ከናንተ መሃል ደግሞ እስካሁን የገዛ የለም» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ታክሲ ልያዝ ብል መንገዱን አላውቅ፣ ቋንቋውን አልችል፤ ፓስፖርታችንም እሷው ጋ ነው። አንድ ቀበቶ ገዛሁ። ሌላ የማደርገው ነገር ጠፋኝ።

ባሕሩ ጋ የደረስነው ከጨለመ በኋላ ነው። አባዬን ደግፌ አሸዋው ላይ አስኬድኩት። ነፋሱ ፊታችንን ይመታናል፣ ውሃው ይጮኻል፤ እኔ ራሴ በሁለት ጤነኛ ዓይኖቼ ያየሁት ጨለማ ብቻ ነበር።

«የታለ?» አለኝ።

«ፊት ለፊትህ ነው፣ አባዬ።»

ፊቱን ወደ ውሃው ድምፅ አዙሮ ቆመ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አየሁት፣ ልጄ። ተባረክ፤ እህትህንም ይባርክልኝ» አለ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ፣ እትዬ። ምን ላደርግለት እችላለሁ?

እቤት እንደገባን ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ ስለ ባሕሩ ማውራቱ አይቀርም፤ አውቀዋለሁ። አንቺም አብረሽ ስሚለት። ብቻ አደራሽን፣ ቀለሙ ምን ይመስላል ብለሽ እንዳትጠይቂው።

ታናሽ ወንድምሽ