ወንድሜ ይሙት ያልኩባት ድልድይ

ለወንድሜ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው እግርሽስ እንዴት ነው? ቤትሽ ያለው እንግዳስ? እኔ ዝናቡና የኤርፖርቱ ሺፍት ተባብረው ወገቤን ካልያዙኝ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እሑድ ተያይተን ዛሬ «እንደምን ነሽ» ማለቴ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ሳቂ። አጎትሽ ትምህርት ቤት የጀመረውን የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እያነበበ የጨረሰ ሰው ነው። ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም የሚለውንም ያገኘው ከዚያው ነው።

እዚሁ ሲያትል፣ ከቡሪየን ኖርዝጌት ቤትሽ ድረስ መምጣት የሚችል ሰው ለምን ይጽፋል ትያለሽ። ልነግርሽ በመጣሁ ቁጥር አባትሽ በመካከላችን ይቀመጣል። «ምን ትንሾካሾካላችሁ?» ይላል። እኔም ቀልድ አወራለሁ፣ አንቺም ትስቂያለሽ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ስለዚህ የሕንድ ጉዟችንን ልጻፍልሽ። እሱ ያሳየሽ ፎቶውን ብቻ ነው።

አምና ዴልሂ ላይ ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ እንደገባለት ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ለምርመራ ሲመለስ እኔም ከዚህ ሄጄ አገኘሁት። ዶክተሩ ሁሉም ደህና ነው አለ። ተራራ መውጣትም ፈቀደለት። ከዚያ ግን ጣቱን ቀስሮ፣ ደም ማቅጠኛዋን ክኒን እስከ ዕለተ ሞትህ አንድም ቀን እንዳታቋርጥ፣ ካቋረጥክ ደሙ ቫልቩ ላይ ይረጋል፣ የረጋው ደግሞ አንጎልህ ውስጥ ይገባል አለው። አባትሽ በአስተርጓሚ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ይሄ ሰውዬ እንደ ቄስ ነው እንዴ የሚገዝተው?» አለኝ። ሳቅን።

ቪዛው ገና ጊዜ ስለነበረው የእንግዳ ማረፊያችን ሾፌር ሂማላያ ውስጥ ወዳለው አገሩ፣ ቻሞሊ ወደሚባል አውራጃ ልውሰዳችሁ አለን። እዚያ ባድሪናት የሚሉት ከየአገሩ ሰው የሚጎርፍበት ትልቅ መሳለሚያ አላቸው። አባትሽ፣ «ቁልቢንም ግሸንንም ተሳልሜያለሁ፣ የሰውንም ልይ» አለ።

መንገዱ ገደል ላይ የተለጠፈ ክር ነው። ከታች ወንዙ ያጉረመርማል፣ ከላይ ድንጋይ ይንከባለላል። ዓባይ በረሃን አውቃለሁ እያልኩ ስኮራ የኖርኩት ሰውዬ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ። አባትሽ፣ «ጸሎት ጀመርክ እንዴ? ለመሆኑ ወደ የትኛው ነው?» እያለ ሲያላግጥብኝ ዋለ።

ያደርነው ጆሺማት በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ እየሰመጠች ነው። ይሄ ቀልዴ አይደለም። መሬቱ ከሥሯ ይንሸራተታል፣ ቤቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ አንዳንዱ በር ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀብቷል። ለአዲስ አበባ ሰው በር ላይ የተቀባ ቀይ ቀለም አይተረጎምለትም። ያረፍንበት ቤት ጌታ ግን ክፍላችን ውስጥ ጡጫ በሚያስገባ ስንጥቅ ላይ የአማልክቶቻቸውን ሥዕል የያዘ ካሌንደር ሰቅሎበታል። አባትሽ ገለጥ አድርጎ አየና፣ «አላየሁም ብሎ ይኖርልሻል!» ብሎ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ጠዋት ስንነሳ ካሌንደሩ ወደ አንድ ጎን ዘሞ ነበር።

ባድሪናት ስንደርስ ቤተ መቅደሱ እንደ ሠርግ ቤት በቀለም አሸብርቋል፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል። እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም፣ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያዩት ዓይነት አይደለም። መልሶ የሚያይሽ ይመስልሻል። ከቤተ መቅደሱ ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ እንፋሎት የሚተፋ ፍልውሃ አለ። ሰዉ እየጮኸ ይገባበታል። አባትሽ እንፋሎቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ እኮ ጠበል ነው» አለ።

«ጣዖት ቤት ሥር ጋሼ?» አልኩት።

«ጣዖቱ ላይ ነው፣ ውሃው ታች ነው። ውሃ ደግሞ የማን ነው?» አለኝ።

በነጋታው እንሄዳለን ያልነው ሰዎች ሰነበትን፣ እሱም በየማለዳው በባዶ ሆዱ ገባበት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ውሃው ተስማማው። ደረጃውን ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ጉንጩ ወዛ። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ሳለከልክ፣ «አንተም ዴልሂ ሄደህ ልብህን አስቀይር» አለኝ። ግን የአባትሽን ሃይማኖት ታውቂዋለሽ። ጠበልና መድኃኒት አይደባለቅም የሚል ሰው ነው።

ፍልውሃውን ከከተማው የምታገናኝ ድልድይ አለች። ልንመለስ ያልን ዕለት ጠዋት እዚያች ላይ ለብቻው ቆሞ ደረስኩበት። ወንዙ ነጭ ሆኖ ይጮኻል። አባትሽ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና አወጣው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልጽፍም። ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ማል» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«እንደ ልጅነታችን።»

ልጅ ሆኜ እናታችን «ስኳሩን ማን ቀመሰው?» ስትል፣ አፌ ስኳር እንደሞላ «ወንድሜ ይሙት እኔ አይደለሁም» እያልኩ ነው ያደግኩት። ስንቴ በሐሰት ምዬበት ጉንፋን እንኳ አልያዘውም። ስለዚህ እየሳቅኩ፣ «ወንድሜ ይሙት ለልጅህም ለማንም ትንፍሽ አልልም» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። «በል እንግዲህ፣ ነፍሴ አፍህ ላይ ናት» ብሎኝ ቀድሞኝ ሄደ።

እሱን ይዤ ወደ ሲያትል ከተመለስኩ ወዲህ ሰላም የለኝም። ሰማዩ ሲጠራ ሬይኒር ተራራ ብቅ ይላል፣ የሥራ ጓደኞቼ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ፣ እኔ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ብናገር መሐላው አለ። ዝም ብል የዶክተሩ ቃል አለ። በሁለቱም በኩል ያለው አንድ ወንድሜ ነው።

ቢጨንቀኝ አባ መልከጸዴቅ ዘንድ ሄድኩ። «በሰው ነፍስ የተማለ መሐላ ድሮውንም መሐላ አይደለም። ንስሐውን እኔ እሰጥሃለሁ፣ ሂድና ተናገር» አሉኝ። ቀለለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አንቺ ከጎኔ የተቀመጥሽ አስመስዬ ልለማመደው ሞከርኩ። አፌ እምቢ አለኝ። የአባ ቃል ጆሮዬ ድረስ ገብቷል፣ አንጀቴ ድረስ ግን አልወረደም።

እንግዲህ እኔ ያየሁትን ትቼ አንቺው የነገርሽኝን ልመልስልሽ። ይሄ መሐላ አያፈርስም። ባለፈው ኮል ስታደርጊልኝ፣ «አጎቴ፣ አባዬ መድኃኒቱን ሲወስድ እንዴት ጎበዝ መሰለህ! እያኘከ እኮ ነው የሚውጠው፣ አፉ ሚንት ሚንት ይላል» ብለሽ ስቀሻል። ልጄ፣ የልብ ክኒን አይታኘክም። ሚንት ሚንትም አይልም፣ ሚንት የሚለው ከረሜላ ነው። የደም ምርመራውን ቀጠሮ አንዴ እግሬን አመመኝ፣ አንዴ ጾም ነው እያለ እንዳሰረዘሽም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። እሑድ ደግሞ «ጣቶቼ ደነዘዙ» ሲል፣ «ብርዱ ነው አባዬ» ብለሽ ጓንት አመጣሽለት። ሺፍት አለብኝ ብዬ የወጣሁት ያኔ ነው። ሺፍት አልነበረኝም።

ነገ ከሥራ ስትወጪ እመጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን ብለን ይዘነው እንወጣለን። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ይርገመኝ። እርግማኑን እችለዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው።

አሁን ካፒቶል ሂል ነኝ፣ የምትሠሪበት ካፌ ፊት ለፊት። ሰዓቱ እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶኝ በረፋዱ መጣሁ። ፓርክ ሳደርግ ደወልኩለት። አነሳው።

«ማነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ ወንድምህ።»

ምላሱ እየተጎተተ፣ «የቱ?» አለኝ።

የሚቀልድብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። ልጄ፣ አባትሽ ከእኔ በቀር ወንድም የለውም።

አምቡላንስ ጠርቼ አድራሻሽን ሰጥቻለሁ፣ እየሄዱ ነው። ልነግርሽ በሩ ድረስ መጥቼ ነበር። በመስተዋቱ ሳህን ተሸክመሽ ከሰው ጋር ስትስቂ አየሁሽና ተመለስኩ። የሥራ ጓደኛሽ ማህደር ቆሻሻ ልትጥል ወጥታለች፣ በእሷ እልክልሻለሁ። ይህችን ገጽ ከላይ አድርጌ አጥፌያታለሁ። ሽርጥሽን ሳትፈቺ ነይ። የቤትሽን ቁልፍ ያዢ። የቀረውን መኪና ውስጥ ታነቢዋለሽ። ስነዳ አታናግሪኝ።

ልጄ፣ እኔ አልተናገርኩም። ጻፍኩ እንጂ አልተናገርኩም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገዱን ይክፈትልን፣ ሦስታችንንም በሰላም ያገናኘን።

ሞተር አስነስቶ የሚጠብቅሽ
አጎትሽ