የታላላቅ ደራሲያንን ጓዳ ላሳዩን ሊቀመንበር

ለተከበሩ ሐጂ ዓብደላ
የሐበሻ አንባቢያን ማኅበር ሊቀመንበር
አል ኹበር

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለእርስዎ፣ ለወይዘሮ ዓፋፍ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ጁምዓ ጁምዓ ከምሳ በኋላ እኛን ለሚሸከመው ምንጣፍዎ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እያልኩ ሰላምታዬን የማቀርበው፣ ደማም አል ፈይሰሊያ ውስጥ ከአምስት የወደብ ሠራተኛ ወንድሞቼ ጋር በአንድ ቤት የምኖረው፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድም መጽሐፍም የሌለኝ ደራሲ ሳቢር ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን የፌስቡክ ገጽ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ስለ ታላላቅ ደራሲያን የግል ሕይወት ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ ተማሪዎ የት እንደደረሰ ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ነው። እርስዎ እንደነገሩን ከሆነ አንዱ ታላቅ ደራሲ ምዕራፉ እስኪያልቅ ከጥሬ ሽንኩርት ሌላ አይቀምስም፤ ሌላው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ አንድ ቃል አይወጣውም፤ ሦስተኛው ደግሞ ሚስቱን አሥራ አንድ ዓመት ሳያናግር ቆይቶ አገር ያስለቀሰ መጽሐፍ ጻፈ። ስማቸውን ስንጠይቅዎት፣ ስም የሚያስፈልገው ለፈተና ነው ብለው አሳፈሩን። የተመቸው ሰው አይጽፍም ያሉትን ግን ደብተሬ ላይ አስፍሬ በቀይ አሰመርኩበት። ከዚያ ወዲህ የደረሰብኝን በቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ሽንኩርቱ። በቤታችን ደንብ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ለስድስታችንም ያበስላል፤ የእኔ ተራ ማክሰኞ ነው። ምዕራፍ አንድን ስጀምር፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሐሩር ዕቃ ሲያወርዱ ለዋሉ ሰዎች ጥሬ ሽንኩርት በሳህን አቀረብኩላቸው። ሦስት ማክሰኞ ታገሱኝ። በአራተኛው ማክሰኞ ከሁሉም ዝምተኛው ጋሮምሳ ተነስቶ ሽንኩርቱን ከተፈ፣ በዘይት አቁላላ፣ ሩዝ ጨመረበትና ሁላችንም በላን፤ እኔም ጭምር፣ ያውም ደግሜ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማክሰኞ የእሱ ሆነ፣ የሳምንቱ ዕቃ ማጠብ በሙሉ የእኔ። እጄ እንደ ደራሲ እጅ የለሰለሰው በእርስዎ ትምህርት ነውና ምስጋናዬ ይድረስዎት።

2ኛ፦ ስለ ውሃው። በ2009 ዓ.ም. ወረቀት የሌለው ሰው ያለ ቅጣት አገሩ ይግባ የሚል የሳዑዲ መንግሥት ምሕረት በወጣ ጊዜ፣ እኔና ባለቤቴ ሰዳ አብረን ለመግባት ቆረጥን። ሰዳን ያውቋታል፤ ኹበር ሰው ቤት እየሠራች፣ ጁምዓ ጁምዓ ከወይዘሮ ዓፋፍ ጋር ሴቶቹ ክፍል ተቀምጣ ትምህርትዎን በበሩ ክፍተት ስትሰማ የነበረችው ናት። የጉዞ ወረቀታችንን ይዘናል፤ የቀረን ፓስፖርት ቢሮው ጃዋዛት ሄደን አሻራ ሰጥተን የመውጫ ቪዛውን ኹሩጅ ማስመታት ብቻ ነበር። እሁድ ጠዋት እሷ ለባልና ሚስት በተለየው ሰልፍ ተራ እንድትይዝልን፣ እኔ እንድደርስባት ተስማማን።

እኔ ግን ያን ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር መጣልኝ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ፣ የሥራ ልብስ የምንዘፈዝፍበት ገንዳ ውስጥ ገብቼ፣ ጣውላ አጋድሜ ደብተሬን ዘረጋሁ። በደማም የግንቦት ሙቀት ከጣሪያው ጋን በቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ እንደሚያፈላ እርስዎ አልነገሩንም ነበርና፣ መመሪያዎን ለማክበር የቤቱን በረዶ በሙሉ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። ስልኬ ወጥ ቤት ነበር። ሰዳ አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች። በመጨረሻ ጋሮምሳ አነሳና በሩን እያንኳኳ፣ ተራችሁ ደርሷል፣ ሰዳ አንተን እየጠበቀች ሰው እያሳለፈች ነው አለኝ። እኔም ከእርስዎ በተዋስኩት ድምፅ «ደራሲ አይቋረጥም በላት» አልኩት። ጋሮምሳ ከመልእክት ቃል የማይቀንስ ሰው ነውና እንዳለ ነገራት። እሷም «ኸላስ» ብላ ስልኩን ዘጋች። አሻራዋን ሰጥታ በሳምንቱ አገሯ ገባች። ያ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አላለቀም።

3ኛ፦ ስለ መለያየት። የቀረውን የምሕረት ጊዜ በማኩረፍ ጨረስኩት። አንድ ወር ሲጨመር ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሊያስር ሮጠ፤ እኔ እርስዎን ላማክር መጣሁ። እርስዎም በኢቃማዎ፣ በአየር ማቀዝቀዣዎና በሚስትዎ ተከበው ሻይ ከቀዱልኝ በኋላ፣ መለያየት ደራሲን ያበስላል አሉኝ። ስበስል ወሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ፤ አንዱ ውሃ ነክቶት አይነበብም፣ ሁለቱ ባይነበቡ ይሻል ነበር።

4ኛውን ክስ በእርስዎ ላይ ላደርገው አስቤ ተውኩት። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ሰዳ ናፍቃኛለች፤ ይህን ለማለት ጥሬ ሽንኩርት አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰዳ አገር ቤት ያሳተመችው መጽሐፍ ባለፈው ሳምንት በመንገደኛ እጅ ለእኔም ለእርስዎም ደርሶናል። የፊታችን ጁምዓ ስለ ደራሲዋ የግል ሕይወት እንደሚያስተምሩ፣ እሷም በስልክ እንደምትገኝ ማስታወቂያ አውጥተዋል። እንግዳ ጠባይ ፍለጋ እንዳይደክሙ፣ መግቢያዋ ላይ እንዳሰፈረችው ሰዳ የጻፈችው ቆማ ነው፤ የማዳሟን ልብስ ተኩሳ ስትጨርስ፣ በዚያው በካውያው ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆቹ በጣሉት የትምህርት ቤት ደብተር። የጻፍኩት ነገር አለ፣ ላንብብልህ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ምዕራፍ አንድ ላይ ነኝና አትረብሺኝ ብያታለሁ።

ቁጥሬን ከዘጋችው ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ስለዚህ ለዚያች ጁምዓ ከጫማው አጠገብ ትንሽ ቦታ ይፍቀዱልኝ። አልናገርም፣ ጥያቄም አልጠይቅም፤ ድምፅዋን ሰምቼ እወጣለሁ።

በትምህርትዎ እስከ አንገቱ ተዘፍዝፎ የቀረው፣ ውለታዎን ዕቃ ባጠበ ቁጥር የሚያስታውሰው ታዛዥ ተማሪዎ፣
ሳቢር
ደማም፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም.

ደብዳቤው ከተዘጋ በኋላ የታወሰኝ፦ ዘጠነኛውን ምዕራፍ ካላነበቡ ከጁምዓ በፊት ያንብቡት። አንድ መስመር ሳይጽፉ የሌላውን ደራሲ ገንዳ ሲለኩ የሚውሉ አንድ ሐጂ አሉበት፤ ሻያቸው ግን ጥሩ እንደሆነ ተመስክሮላቸዋል። እኔም አለሁበት። ከታዋቂ ደራሲ የተቸገረ የግል ሕይወት ጋር ስሜ እንዲነሳ ሁልጊዜ እመኝ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ተነሳ፣ ችግሩ እኔ ሆኜ። የመጽሐፉ መታሰቢያነት በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በሩን ቆልፎ ለቀረው። ተራችን ደርሶ ነበር።»